ጡት እስኪጥል

ሱሉልታ ውስጥ ጎረቤቴን ማሪቱን የማያማ ሰው አልነበረም። ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ባሏ ዓባይነህ፣ የድርቆሽ ነጋዴው፣ አዲስ አበባ ሌላ ሴት ወዶ ፈታት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቤቱን ለእሱ፣ አንዲት ላም ለእሷ ፈረዱ። እቅፏ ውስጥ ስለነበረው ልጃቸው ስለ ተሾመ ደግሞ፣ «ልጅ የአባቱ ነው፤ ጡት እስኪጥል ግን ከእናቱ ይቆይ» አሉ። እሷን የጠየቃት የለም።

ማሪቱም ጡት አላስጣለችውም።

እኛ ጡታችንን እሬት እየቀባን ልጆቻችንን ስናስጥል፣ እሷ የላሟን ወተት ሸጣ፣ አጠገቤ ወደ ቀለሰቻት ጎጆ ትመለስና ልጇን ታጠባ ነበር። ተሾመ ጥርሱን ሞልቶ፣ ጥጃ መጠበቅ ጀምሮም ይጠባል። ሴቶቹ «ምን ዓይነት እናት ናት? ልጁን አሞላቃ ልታበላሸው ነው!» ይላሉ። ቄሱ ሳይቀሩ ገሠጿት። ልጁ ኩፍኝ ይዞት ሲያቃትት እንኳ ብቅ ያላለውን ዓባይነህን ግን «ምን ዓይነት አባት ነው?» ያለ ሰው አልሰማሁም። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ኧረ ይብቃሽ፣ ሰው ሳቀብሽ እኮ» አልኳት አንድ ቀን።

«ይሳቁ» አለች። «ወተቱማ ከደረቀ ቆየ። እንዲሁ አፉን ያሳርፍበት ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞራ፣ «ማንም ቢጠይቅህ እጠባለሁ ነው የምትለው፣ እሺ?» አለችው። ተሾመ አቀረቀረ። መስክ ላይ የመንደሩ ልጆች «ጥጃው» እያሉ እንደሚያበሽቁት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ዓባይነህ በበቅሎ ሆኖ ሽማግሌዎቹን ይዞ የመጣ ዕለት፣ እነዚያው ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ያዩ ነበር። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ኦቦ ጎበና ልጁን ጠሩት።

«ኮቱ፣ ና እስቲ ጎበዝ። አሁንም ጡት ትጠባለህ እንዴ?»

ማሪቱ ዓይኑን ለመያዝ ሞከረች። ተሾመ ጓደኞቹን አየ፣ በቅሎዋን አየ፣ ደረቱን ነፋ።

«ድሮ ነው የተውኩት! እኔ ትልቅ ሰው ነኝ!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። «የአባቱ ልጅ!» አሉ። ዓባይነህ አንሥቶ በቅሎዋ ላይ አስቀመጠው፤ ልጁም እየተፍለቀለቀ ሄደ። ማሪቱ አላለቀሰችም። በረቱ ደጃፍ ቆማ መንገዱን ታያለች።

ሴቶቹ መጥተው ከበቧት። «እሰይ!» አሏት። «አሁን ገና ደንበኛ እናት ሆንሽ።»

ይህን ሲሏት ነው መሬት ላይ ተቀምጣ የጮኸችው።