ያ ቦይ

ክረምት ሲገባ ከቤታችን ጓሮ ያለው ቦይ ድምፅ ማውጣት ይጀምራል። መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ጠጠር እያንከባለለ ይወርዳል፣ የረጠበ አፈርና የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታም ቤት ድረስ ይገባል። ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ጎርፍ ያስባል። እኔ ግን ወንድሜን፣ ከወንድሜም ጋር አንዲት የስፓኒሽ ቃል ነው የማስታውሰው። በቅደም ተከተል ማውራት ከቻልኩ ልንገራችሁ።

ታላቄ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ስለሚበልጠኝ "ጋሼ" እለው ነበር። አንኮበር ላይ እንግዶች ይዞ ገደል ለገደል የሚዞር አስጎብኚ ነበር። እንግዶቹ የሚመጡት አንዲት ትንሽ ወፍ ለማየት ነው። እኛ ልጆች ሆነን በጠጠር የምናባርራትን ወፍ፣ እነሱ ባሕር ተሻግረው መጥተው ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩዋታል።

"እንግሊዝኛ የሚችል አስጎብኚ ሞልቷል" ይል ነበር። "ስፓኒሽ የሚችል ግን ከዚህ እስከ ጣርማ በር አንድ የለም። እኔ እሆናለሁ።"

አንዲት እንግዳ ትታለት የሄደች፣ ሽፋኗ የተገነጠለ የመማሪያ መጽሐፍ ነበረችው። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት በሌለበት ጠዋት፣ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ስታርፍ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናንበን ደጃፍ እንቀመጣለን። እኔ መጽሐፏን ይዤ እጠይቃለሁ፣ እሱ ይመልሳል።

አንዲት ቃል ብቻዋን ሁለት ገጽ ይዛ ነበር። "ያ" ትባላለች።

"የቱ?" አልኩት መጀመሪያ ቀን።

"ምን የቱ?"

"ያ አልክ እኮ። የቱን ነው?"

እስኪያስለው ድረስ ሳቀብኝ። እኛ "ያ" ስንል ራቅ ያለ ነገር እንጠቁማለን። የእነሱ "ያ" ግን አትጠቁምም፤ ጊዜን ነው የምትናገረው። "ያ ኮሚ" ያለ ሰው ምሳውን በልቷል፣ አታስቡለት። ለብቻዋ ስትባል "በቃ" ነች፣ አንዳንዴም "ገባኝ"። "ኖ" ከተከተላት ደግሞ ነገሩ ድሮ ነበር፣ ከእንግዲህ ግን የለም ማለት ነው። ያቺን ቶሎ አለፍናት።

እሱ የወደዳት "ያ ቦይ" የምትለዋን ነው። "ቦይ" እሄዳለሁ ማለት ነው። ሰው ሲጠራህ "ያ ቦይ" ካልክ ግን "አሁን መጣሁ" ይሆናል።

"አየህ ማሙሽ፣ ይሄ የኛው 'መጣሁ' ነው። ሰውየው ገና ከመቀመጫው ሳይነሳ መጥቶ ጨርሷል!"

ያን ዕለት እናታችን ለምሳ ስትጣራ "ያ ቦይ!" ብሎ ጮኸላት። ማማሰያዋን እንደያዘች እየሮጠች ወጥታ ወደ ጓሮ ዞረች።

"የቱ ቦይ? ተደፈነ እንዴ? ሽንኩርቴን ሊወስደው ነው!"

ብርድ ልብሱ ውስጥ ተደብቀን ሳቅን። ነገሩን ስናስረዳት "እናንተንም ቦይ ይውሰዳችሁ!" አለችና እሷም ሳቀች። ለዚያች እርግማን ዛሬም ንስሐ ትገባለች። ከዚያ ወዲህ ግን ቤታችን ውስጥ "መጣሁ" የሚል ሰው ጠፋ። የተጠራ ሁሉ "ያ ቦይ" ነው መልሱ።

በሁለተኛው ዓመት ኩላሊቱን ታመመና ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኛ። እኔም እዚያው ቤት ተከራይቼ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እማር ነበር። እናታችን ታስታምመዋለች፣ እኔ ከትምህርት ስወጣ እሄዳለሁ። ስፓኒሹን አልተወም። ትራሱን ተደግፎ ጥያቄ ጠይቀኝ ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ የሚያሳዩበት ቤት ነበርኩ። ስልኬ ጠራ።

"ማሙሽ፣ ና እስቲ። መጽሐፏንም ያዛት።" ድምፁ ቀጭን ነበር።

"ያ ቦይ!" አልኩት።

ትንሽ ሳቀ። "የመጽሐፏን ነው ወይስ የኛን?"

"የመጽሐፏን ነው ጋሼ።"

ዋሸሁ። የኛን ነበር፣ ከመቀመጫ ሳይነሱ የሚሉትን። ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ምን አላት ብዬ ተቀመጥኩ። ማን እንዳሸነፈ ዛሬ አላስታውስም። ስወጣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጀመረ። ባጃጆቹ ጥግ ይዘው ቆመው ነበርና በእግሬ ሮጥኩ፣ መጽሐፏን ከቤት ወስጄ በሹራቤ ውስጥ ሸጉጬ።

ስደርስ መስኮቱ ላይ ገና ብርሃን ነበር። ክፍሉ መድኃኒትና የረጠበ ሱፍ ይሸት ነበር። የሱፉ ሽታ የኔ ሹራብ ነው። እናታችን እጁን ይዛ ተቀምጣለች። ገና አላለቀሰችም።

"ሦስቴ ጠየቀኝ" አለችኝ። "'ማሙሽ ደረሰ?' ይለኛል። በሦስተኛው 'አዎ፣ መጣ' አልኩት። 'መጣልህ፣ በር ላይ ነው' አልኩት።"

በር ላይ አልነበርኩም። እሷ ይህን ስትለው የት እንደነበርኩ፣ ተቀምጬ ይሁን እየሮጥኩ፣ ለማወቅ ስንት ጊዜ አሰላሁት። አልደረስኩበትም። እሷም ጠይቃኝ አታውቅም።

መጽሐፏ አሁን እኔ ጋ ናት። በዚያች ቃል ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ምሳሌ ጎን አማርኛውን በእርሳስ ጽፏል። "ያ ኖ" ጎን ብቻ ባዶ ነው። እኔም አልጻፍኩበትም።

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ቦዩን በአካፋ እጠርግ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከበሩ ብቅ አለች።

"ያ ቦይ ሞላ እንዴ?" አለችኝ።

የጠየቀችው ስለ ቦዩ ነበር። ከአፏ የወጣውን ራሷ ስትሰማው ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። አካፋውን ጥዬ ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ እሷ ሄድኩ።

"መጣሁ" ያልኳት አጠገቧ ከደረስኩ በኋላ ነው።