ጎንበስ ሲሉ የሚወርድ ውሃ

እልል በሉ፣ ውሃው ወረደ! ማንም ሳይቀዳው ወረደ፣ ማንም ሳይዘጋው ቆመ! ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ሽንኩርት የሚመዝኑት ሴቶች ሚዛናቸውን ጥለው ያጨበጨቡለትን ይህን ወሬ እናንተ ሳትሰሙት ብትቀሩ እንዴት ይቆጨኝ ነበር!

የማን ውሃ? የት ወረደ? ቆይ፣ ከነባለቤቱ ላምጣው።

ባለቤቱ ሰማኸኝ ይባላል። ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ባጃጆች በሚደረደሩበት ቁልቁለት ላይ፣ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ጋራዥ አለችው። ብየዳውን የተማረው በጉብዝናው ዘመን ኮምቦልቻ ወርዶ ነው፤ ሙቀቱ አልስማማው ብሎ ደሴ ተመለሰ እንጂ እጁስ እዚያም ተወዶ ነበር። ባጃጅ መጠገን እንጀራው ነው። አመሉ ግን ሌላ ነው፤ የተቸገረ ነገር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ጭንቅላቱን ያካል፣ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ከዚያ «እንዲህ ቢሆንስ?» ይላል። ከዚህ የተነሳ ሰፈሩ የአባቱን ስም ረስቶ «ሰማኸኝ ቢሆንስ» እያለ ይጠራዋል።

ታዲያ ቢሆንስ ያለው ሁሉ አይሆንም። ለሚስቱ ለወርቅነሽ አንድ ጊዜ የዶሮ እህል ሳጥን ሠርቶላት ነበር። ዶሮዋ ከፊት ያለችው ጣውላ ላይ ስትወጣ ክብደቷ ክዳኑን ይከፍተዋል፣ ስትወርድ ይዘጋል፤ ድንቢጥ ግን ቀላል ስለሆነች ጾሟን ትውላለች። ግሩም ነገር ነበር! ምን ዋጋ አለው፣ የጎረቤት ድመት ጣውላዋን ወደደቻት። እላይዋ ላይ ተኝታ ስትውል ክዳኑም ተከፍቶ ይውላል፣ ድንቢጡም ተጠራርቶ ይመጣል።

«ለድመት አልጋ፣ ለወፍ ሰርግ!» አለች ወርቅነሽ። ሳጥኑን ግን አልጣለችውም።

ከአጥራቸው ማዶ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን አሉ፤ ድሮ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። አምና ደም ግፊት ጣላቸው። አልሀምዱሊላህ ነፍሳቸው ተረፈች፤ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ግን አልታዘዝ አሉ። ምግባቸውን በቀኛቸው ይበላሉ፣ ከዘራ ይዘው ከቤት ደጅ ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ አቃታቸው፤ ለሶላት መታጠብ። «ቀኜ ግራዬን ያጥበዋል፣ ቀኜን ማን ይጠበው?» ይላሉ እየሳቁ። ሳቁ ከጥርሳቸው አያልፍም።

በየሶላቱ ማንቆርቆሪያ ይዛ ውዱእ የምታስደርጋቸው የመጨረሻ ልጃቸው ዊዳድ ናት። ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካን አምጥታላቸው ነበር። ግን እሱን ከፍተው ሲታጠቡ፣ በአንድ እጅ ነውና ዘግየት ስለሚሉ፣ እግራቸው ጋ ሳይደርሱ ውሃው ያልቃል። የደሴ ውሃ ደግሞ እንደምታውቁት በፈረቃ ነው። «ወንዝ ዳር ብትቀመጥ እንኳ ውሃ አታባክን ተብሏል» ብለው ጄሪካኑን ተዉት።

እንዲህ እያሉ ሳለ ዊዳድ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ አገኘች። ሰኞ ካልጀመረች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ጠዋት በሚኒባስ ወርዳ ማታ ትመለሳለች፤ የቀትሩ ዙሁርና የከሰዓቱ አስር ሶላት ግን መሃል ላይ ቀሩ።

«ሂጂ!» ሲሉ ሰማቸው ሰማኸኝ በአጥሩ በኩል።

«አልሄድም።»

«ማንቆርቆሪያ ይዘሽ ልታረጂ ነው?»

«አባ፣ ኮምቦልቻ የትም አትሄድም።»

«ሥራው ግን ይሄዳል!»

ወርቅነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «እኔ እቀዳለሁ እኮ ጋሽ ዘይኑ!» አለች።

«አውፍ በይኝ ወርቄ። አንድ ቀን ሁለት ቀን እሺ። ሶላቴን ለዘላለም የሰው ሥራ ማስፈቻ አላደርገውም።»

ሰማኸኝ ጭንቅላቱን አከከ። ወርቅነሽ አየችውና «መጣልሽ!» አለች ለራሷ።

ከአሮጌ ባጃጅ የፍሬን መርገጫ ፈታ። ከመርገጫው ካቦ የሚሉትን የፍሬን ሽቦ ዘርግቶ ከጄሪካኑ ቧንቧ ጋር አገናኘው። ሲረገጥ ይከፈታል፣ ሲለቀቅ ጥብቅ ይላል። ሐሙስ ጠዋት ተሸክሞ ወስዶ ጋሽ ዘይኑ ደጅ ተከለው። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ጋሽ ዘይኑ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ቢስሚላህ ብለው በቀኝ እግራቸው ረገጡ። ውሃው ወረደ! እጃቸውን ታጠቡ፣ ተጉመጠመጡ፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው፣ ራሳቸውን አበሱ። «አጃኢብ!» አለ ሰፈሩ። ሰማኸኝ ቁመቱ የጨመረ መሰለው።

ከዚያ ቀኝ እግራቸውን ሊያጥቡ አነሱ። ውሃው ቀጥ!

መልሰው ረገጡ፣ ወረደ። አነሱ፣ ቆመ። ግራ እግራቸው እንዳይረግጥ ጉልበት የለው። በመጨረሻ ጋሽ ዘይኑ ቀስ ብለው ጠየቁ፦

«ሰማኸኝ፣ እናንተ ዘንድ እግር አይታጠብም እንዴ?»

«ኧረ ይታጠባል! በጸሎተ ሐሙስ... በዓመት አንዴ። ያውም ቄሱ ናቸው የሚያጥቡን።»

«እኛ በቀን አምስቴ ነን፣ ወንድሜ!»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ሰማኸኝም ሳቀ፣ ወዶ አይደለም። ዊዳድ ግን ሳትስቅ ገብታ ማንቆርቆሪያዋን አመጣች፣ ተንበርክካም የአባቷን እግር አጠበች። ከዚያ ሁሉ ሳቅ ይልቅ የማንቆርቆሪያዋ ድምፅ ነው ለሰማኸኝ ጎልቶ የተሰማው።

ምሳ ቀርቦ አልበላ አለ።

«እግር ሌላ ሥራ ካለው በምን ይከፈት? በእጅ እንዳይሆን እጅ የለ...»

«ለዶሮ ያሰብከውን ለጋሽ ዘይኑ ነፈግካቸው?» አለች ወርቅነሽ ሽሮውን እየጨለፈች።

«ምን?»

«ዶሮዬ ፍሬን ትረግጣለች እንዴ? ትወጣበታለች እንጂ!»

ሰማኸኝ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና ሮጠ። «ብላ እንጂ አንተ ሰው!» የምትለውን የሰማት ቁልቁለቱን ጨርሶ ነው።

ሰው ፊቱንም ሆነ እግሩን ሲታጠብ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፤ ነገሩ ይኸው ነበር! ሰማኸኝ ከቱቦ ብረት ወንበር በየደ። ከመቀመጫው ሥር በፊት በኩል የባጃጅ ሞላ ተከለ። የተቀመጠው ሰው ጎንበስ ሲል መቀመጫው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይልና ካቦውን ይስባል፤ ቀና ሲል ሞላው መልሶ ያነሳዋል። እንዳይወድቁ በቀኝ በኩል መደገፊያ፣ ለእግራቸው ደግሞ ማሳረፊያ ብረት ጨመረ። ጄሪካኑን ከጋሽ ዘይኑ ደጅ መልሶ አምጥቶ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ቧንቧውን ወደ ፊት አስረዘመው። ሁሉን ጨርሶ፣ እፎይ ብሎ ተቀመጠበትና የተፈታ የጫማ ክሩን ሊያስር ጎንበስ አለ። ያ ቀዝቃዛ የደሴ ውሃ ማጅራቱ ላይ ወረደ!

ምሳውን በሳህን ይዛ የመጣችው ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆማ «ጸሎተ ሐሙስ ገባልህ!» ብላ በሳቅ ሞተች።

ቅዳሜ ለዙሁር ወንበሩ ደጅ ላይ ተተከለ። በዚህኛው ቀን ሰማኸኝ ሰው አልጠራም ነበር፤ የሰኞ ገበያ ሰው ግን ሳይጠራ ይመጣል። ዊዳድ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማለች። ጋሽ ዘይኑ ተቀመጡ፣ ጎንበስ አሉ። ወረደ። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ። ራሳቸውን ሲያብሱ ቀና አሉ፤ ቆመ። የሰማኸኝ ልብም አብራ ቆመች። ቀኝ እግራቸውን ማሳረፊያው ላይ አውጥተው ጎንበስ አሉ። ወረደ! ግራ እግራቸውን በቀኝ እጃቸው አንስተው አወጡት፣ ጎንበስ አሉ። ወረደ!

ጨረሱ። ግን አልተነሱም። ጎንበስ አሉ፣ ወረደ። ቀና፣ ቆመ። ደግሞ ጎንበስ።

«አባ፣ ውሃ አታባክን!» አለች ዊዳድ፣ እንባዋ ከሳቋ ጋር እየተጋፋ።

እልልታው ያን ጊዜ ቀለጠ። ጋሽ ዘይኑ ሰግደው ወጡና ቀኝ እጃቸውን ሰማኸኝ ትከሻ ላይ ጣሉ። «አላህ እጅህን ይባርከው። አንተ ቢሆንስ ስትል እኔ ሆነልኝ» አሉት። ወደ ልጃቸው ዞረው ደግሞ «በይ ያን ማንቆርቆሪያ አስቀምጪና ልብስሽን ተኩሺ» አሏት።

ሰኞ ማለዳ ዊዳድ በጋራዡ በኩል አለፈች፣ አዲስ ሻርፕ አድርጋ፣ ወደ ኮምቦልቻው ሚኒባስ። ሰማኸኝ መፍቻውን እንደያዘ እጁን አውለበለበላት። ከቀትር በኋላ በአጥሩ ማዶ የጋሽ ዘይኑ ስልክ ጮኸ።

«ሰገድኩ እንጂ! መቼ ነው የሰገድኩት! አብሽሪ፣ አንቺ ስፌትሽን ስፊ!»

አሁን ሰፈሩ ወንበሩን «ቢሆንስ» ነው የሚለው። ሪህ እጃቸውን የያዛቸው መሪጌታ ቀለሙ እንኳ ጋራዡ ድረስ መጥተው «ለእኔም ሥራልኝ፤ የእግር ማሳረፊያው ይቅር፣ እሱን ቄሱ ያጥቡኛል» ብለዋል።

ገና ስንት የምነግራችሁ ነበረኝ! ግን ቦሩ ሜዳ ላይ እትዬ ዘይቱና አሉ፤ እሳቸውም እንደ ጋሽ ዘይኑ ግራቸው አልታዘዝ ያላቸው፣ እሳቸውም ውሃ የሚቀዳላቸው ሰው በየሶላቱ የሚጠብቁ፤ ይህን ወሬ ደግሞ ጭራሽ አልሰሙም። የሚኒባሱ ረዳት «ቦሩ ሜዳ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ነው። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ፣ መጣሁ በሉልኝ!