ሁለት ኮምፒውተሮችና የሲስተር ዝርዝር

አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንድ ሽቦ ተያይዘው፣ አንዱ ኮምፒውተር የሌላውን ፎልደር አልከፍትም ብሎ እንቢ ብሏችሁ ያውቃል? ስሙ ይታያል፣ ፎልደሩም ይታያል። ስትጫኑት ግን ጽሑፍ የያዘች አንዲት ሳጥን ብቅ ትልና በሩን ትዘጋባችኋለች። እኔን ገጥሞኛል። ሚዛን ተፈሪ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር።

የተከራየሁት ከአንድ ግቢ ጀርባ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ነው። አከራዬ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ከተማው ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ባለቤታቸውን «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ከሚዛን ቴፒ፣ ከቴፒ ጅማ ቡና ሲጭኑ የኖሩ ሾፌር ናቸው። መኪናው ከተሸጠ ቆይቷል፤ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን እስከ ዛሬ ቀኝ እግራቸውን ፍሬን ላይ እንዳለ ሰው ዘርጋ አድርገው ነው።

ሲስተር ጤና ጣቢያም ሆነ በየመንደሩ እየሄዱ ያዋለዷቸውን ልጆች በራሳቸው ደብተር ይመዘግቡ ነበር። የእናት ስም፣ መንደር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ወንድ ወይም ሴት። ያዘዛቸው ሰው የለም። ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ወይም መታወቂያ ሲያወጣ ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ይጠፋል፤ ያኔ ወደ ሲስተር ይመጣሉ። አንድ ጊዜ እኔ ባለሁበት አንዲት እናት ከሸኮ በኩል መጡ። ዓመቱን አያውቁም። «ድልድዩን ውኃ የወሰደው ጊዜ ነው፤ አንቺ በበቅሎ የተሻገርሽ ቀን» አሏቸው። ሲስተር ሳቁ። ፈልገው አገኙት፤ ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጧቸው። ሴትየዋ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

የሚዛንን እርጥበት ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። ጫማችሁን አልጋ ስር ሁለት ሳምንት ከረሳችሁት አረንጓዴ ፀጉር አብቅሎ ይጠብቃችኋል። ደብተሮቹም አልተረፉም። ሲስተር ይህን አስቀድመው አውቀው፣ ልጃቸው ከአዲስ አበባ በላከላቸው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ በሁለት ጣት ፊደል እየለቀሙ፣ ሦስት ክረምት ሙሉ ሲገለብጡ ኖረዋል። እኔ በደረስኩ ጊዜ የደብተሩ ገጽ ሲገለጥ እንደ እርጥብ ዳቦ ይቆረስ ነበር። ዝርዝሩ በሙሉ የሚገኘው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩም ታመመ። ከተከፈተ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራና ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል። ከውስጡ ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምፅ ይሰማል። አንድ ጥገና የሚሠራ ሰው አዳምጦት ሃርድ ዲስኩ፣ ማለትም ሁሉም ነገር የሚቀመጥበት ክፍሉ፣ ብዙ እንደማይቆይ ነገራቸው። ጅማ ወስዶ ሊሞክር ፈለገ። ሲስተር እንቢ አሉ። «የሰው ምስጢር አለበት፤ ከቤቴ አይወጣም» አሉ።

በፍላሽ ገልብጬ ለምን አልገላገልኩም ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ያሳፍረኛል። ከዚያ በፊት በነበረው ጥቅምት ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ፍላሽ እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረውን፣ ፎልደርን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ቫይረስ ታስታውሱታላችሁ። ዝርዝሩ በሙሉ የጠፋ መሰለ። ለካ ተደብቆ ነው፤ እስካወጣው ድረስ ግን ሲስተር ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሱም። አልተቆጡኝም። «ፍላሽ ሁለተኛ እዚህ ቤት አይገባም» ብቻ ነው ያሉት። ስለዚህ የቀረው መንገድ የእኔን ላፕቶፕ ከሳቸው ኮምፒውተር ጋር በኔትወርክ ሽቦ አያይዞ ፎልደሩን ሼር ማድረግ ነበር።

እሁድ ከምሳ በኋላ ላፕቶፔንና ሽቦዬን ይዤ ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። ጋሼ ቅቅል ጎደሬ ይልጣሉ፤ ማባያው፣ የሚያቃጥለው ዳጣ፣ በጎድጓዳ ሳህን ቀርቧል። እኔ ነገር በቅደም ተከተል ካልሆነ አይሆንልኝም። ስለዚህ የማደርገውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

«ትምህርት ቤት አደረግከው ቤቱን» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ አንድ በአንድ ካልሄድን የቱ ጋ እንደተበላሸ አናውቅም።»

«እሱስ ልክ ነው። እኛም መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ ነዳጅ ነው የምናየው።»

ነዳጁ ማለት ሽቦው ነው። ሽቦው በተሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት በሁለቱም ላይ በርታለች። አንድ ብዬ ምልክት አደረግኩ። ቀጥሎ ለሁለቱም አድራሻ የሚሆን ቁጥር ሰጠሁ፤ ቁጥሮቹ የመጨረሻው አኃዝ ላይ ብቻ ነው የሚለያዩት፤ የአንድ ሰፈር ሰዎች እንዲሆኑ ነው። ሁለት። የቡድናቸውን ስም አንድ አደረግኩ። ሦስት። እንደ ዘበኛ በር ላይ የሚቆመውን ፋየርዎል ለጊዜው አጠፋሁ። አራት። ከዚያ አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠራበትን ትእዛዝ ሰጠሁ። አራት ጊዜ ጠራ፤ አራቱንም ጊዜ «አለሁ» ተባለ። ደስ ብሎኝ ለሲስተር አሳየኋቸው።

ፎልደሩን ሼር አደረግኩና በላፕቶፔ ልከፍተው ተጫንኩ። ሳጥኗ ብቅ አለች። አልከፈተም።

ፈቃድ እንደሚጎድለው ገመትኩ። ለሁሉም ሰው ፈቀድኩ። እንቢ። በሲስተር ኮምፒውተር ላይ በእኔ ስም ተጠቃሚ ከፈትኩ፤ ፓስዎርድም ሰጠሁት። እንቢ። ሳጥኗ በመጣች ቁጥር ቶሎ እሺ ብዬ እዘጋታለሁ፤ ምን እንደምትል የማውቅ መስሎኛል።

«ይጠራዋል፣ ይሰማዋል፣ ግን አያስገባውም» አሉ ጋሼ ጎደሬውን እያቀረቡልኝ። «ተኳርፈዋል ማለት ነው። ሽማግሌ እንላክባቸው?»

«አንተ ደግሞ፣ ልጁ እያሰበ ነው» አሉ ሲስተር።

በዚህ መሃል ኮምፒውተሩ ሞቆ ጠፋ። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ጎደሬውን በዳጣ በላን። ሲስተር ስክሪኑን የታማሚ ፊት እንደሚያይ ሰው ነበር የሚያዩት። ሲከፈት ጥርስ የማፋጨት ድምፁ ከበፊቱ ረዝሞ ተሰማ። ሲስተር እጃቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ። እንግዲህ ስንት ጊዜ ይከፈታል? ይህን ሦስታችንም አሰብን።

እንደገና ሞከርኩ። ሳጥኗ መጣች። ልዘጋት ስል ሲስተር እጄን ያዙኝ።

«ቆይ እስቲ። ምን ይላል?»

«ፈቃድ የለህም ነው የሚለው ሲስተር።»

«አንብበኸዋል?»

እጄን ከማውዙ ላይ አነሳሁ።

«መድኃኒት ብትሆን ኖሮ ላዩን ሳታነብ ልትውጣት ነበር?» መነጽራቸውን አደረጉ። ዕድሜያቸውን የመድኃኒት ብልቃጥ ሲያነቡ የኖሩ ናቸውና እንግሊዝኛውን ቃል በቃል፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «ስለ ፈቃድ የሚል የለም። በሁለቱ መካከል የሰዓት ወይም የቀን ልዩነት አለ ነው የሚለው።»

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አልኩ።

የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «ስምንት ከአርባ።»

የሲስተር ኮምፒውተር ጥግ ላይ ስምንት ከአርባ ይላል። የእኔ ላፕቶፕ ጥግ ላይ ሁለት ከአርባ ይላል። ከምሳ ጀምሮ ሁለቱንም እያየሁ ነበር የቆየሁት፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። እኛ እኮ ስክሪን ላይ ሁለት ከአርባ አይተን ስምንት ከአርባ ብለን መናገር ለምደናል፤ ስድስት መጨመራችንንም ረስተነዋል። ለእኔ ዓይን አንድ ሰዓት ነው፤ ለኮምፒውተሮቹ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ቀኑን ስከፍተው ደግሞ ባሰ። የሲስተር ኮምፒውተር በእኛው አቆጣጠር ሚያዝያ ላይ ነው፤ ወሩ ስምንተኛ፣ ዓመቱም የእኛው። ከእኔው ላፕቶፕ ወደ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ኮምፒውተሮች ፓስዎርድ ሲቀባበሉ የተላከበትን ጊዜም አብረው ይልካሉ። ትናንት የተላከውን ቀድቶ ዛሬ ሊገባበት የሚሞክር ሌባ እንዳይኖር ነው። ሰዓታቸው በጣም ከተራራቀ አንዱ ሌላውን ይጠረጥረዋል።

«ሲስተር፣ ይህን ያስተካከለው ማነው?»

«እኔ ነኛ» አሉ። በኩራት ነው ያሉት። «ልጆቹ የተወለዱት በእኛ ቀን ነው። እኔ የማስበውም በእኛ ቀን ነው። ማሽኑ ብቻውን በፈረንጅ ቀን ምን ይሠራል?»

«ወሩ ሠላሳ አንድ ሲሆንስ?»

«በሠላሳ አንደኛው ቀን እኔ ራሴ ወደ ቀጣዩ ወር አንድ አዞረዋለሁ። ጥቅምትን ግን የፈረንጅ ሁለተኛ ወር አድርጎ ስለሚቆጥር ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን የለም ይለኛል፤ ሁለት ቀን ዘግቼው እውላለሁ። ጳጉሜንም አያውቃትም፤ ጳጉሜ ሙሉ ያርፋል።»

«ቀኑ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ የሚለውስ?»

«እሱን አላየውም» አሉ።

ሳልስቅ ለመቆየት ብዙ ታገልኩ። በስንት ነገር እንደደከሙ ሳስብ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ለሦስት ክረምት አንድን ማሽን በራሳቸው ዘመን ውስጥ በእጃቸው ይዘው ኖረዋል።

«እንግዲያው የእርስዎን ሰዓት ላስተካክለው» አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። «ከየፋይሉ አጠገብ የጻፍኩበት ቀን አለ። እሱ ቢቀየርስ?»

አይቀየርም ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። በፋይሉ ላይ የተጻፈው ቀን ሌላ፣ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ሌላ ነው፤ ወረቀትና እስክርቢቶም አወጣሁ። ሲስተር ይሰማሉ፤ አልተዋጠላቸውም። አንድ ጊዜ በእኔ ፍላሽ ዝርዝራቸው ጠፍቶ ያውቃል፤ «ምንም አይሆንም» የሚለውን ቃል ያኔም ከእኔ ሰምተውታል።

ጋሼ ናቸው የገላገሉን። «እንግዳ ሆኖ የመጣው እኮ ያንተው ነው» አሉኝ። «በቤቱ ሰዓት ምሳ ይብላ።»

ትክክል ነበሩ። እኔ ግን የፈረንጁን ሰዓት የያዘው ኮምፒውተር ደህና፣ የእኛን የያዘው ብልሹ ነው ብዬ ነበር የተነሳሁት። ኮምፒውተሮቹ የሚጠይቁት እርስ በርስ እንዲስማሙ ብቻ ነው፤ በማን ሰዓት እንደሚስማሙ ግድ የላቸውም። ላፕቶፔን ወደ ሲስተር ሚያዝያ፣ ወደ ሲስተር ሰዓት መለስኩት። የሰዓት ክልሉን አየሁ፤ ሁለቱም ከእኛ ጋር እኩል በሆነው በናይሮቢ ክልል ላይ ናቸው። የእኔ ጸረ ቫይረስ ወዲያው ዘመኑ ተዛባብኝ ብሎ ማለቃቀስ ጀመረ። ዝም አልኩት።

ፎልደሩን ተጫንኩ። ተከፈተ።

ውስጡ በየዓመቱ የተከፈሉ ፎልደሮች ተደርድረዋል። ሁሉንም መርጬ ወደ ላፕቶፔ መገልበጥ ጀመርኩ። አረንጓዴው መስመር መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የሲስተር ኮምፒውተር ጥርሱን አፋጨ። ሲስተር መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳርፈው «አተኩሶታል» አሉ። ጋሼ ሳይጠየቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከጀርባው ማራገብ ያዙ። እኔ ምንም የማደርገው አልነበረኝም። መስመሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ፤ እንደገና ሄደ። የመጨረሻው ፎልደር ሲያልፍ ጋሼ አሁንም ያራግቡ ነበር።

«በቃ?» አሉ ሲስተር።

«አንድ በአንድ እንክፈተው» አልኩ። መልሳቸውን ሳልጠብቅ ሽቦውን ነቅዬ በላፕቶፔ ላይ ከየዓመቱ አንድ አንድ ከፈትን። ሲስተር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። የእናቶችን ስም ሲያነቡ ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። እኔ ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ። መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው «አሉ» አሉ። «ሁሉም አሉ።»

በሳምንቱ ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልነሳም አለ። ሲስተር አላዘኑም። ልጃቸው ሌላ እስኪልክ ድረስ ሁለት ወር ያህል ዝርዝሩ እኔ ላፕቶፕ ላይ ቆየ። ፎልደሩን በፓስዎርድ ዘጋሁት፤ ፓስዎርዱን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሲጽፉ ፊቴን አዞራለሁ። ቀን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ሲኖር ላፕቶፑን ይዤ እገባለሁ፤ ሲስተር ያነቡና በቁራጭ ወረቀት ይሰጣሉ። ሰዓቱንም በሳቸው ሰዓት ተውኩት። በትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ሳዘጋጅ ፋይሌ ሁሉ የድሮ እየመሰለ ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ አልኩ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ምናልባት በቤታችሁ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር በስተቀር የትም የሌለ ነገር የጻፈ ሰው ይኖራል፤ እናት፣ አጎት ወይም ጎረቤት። ዛሬ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ የኔትወርክ ሽቦ ይበቃችኋል። ካልከፈተ ሳጥኗን ሳትዘጉ እስከ መጨረሻው አንብቧት፤ ሰዓትና ቀን የምትል ከሆነ ሁለቱን ስክሪኖች አስተያዩና እናንተ ወደ ባለቤቱ ሰዓት ሂዱ። ከዚያ ፎልደሩን ተጫኑት። እስቲ ሞክሩት።