የውሃ አባት በአይዳሆ ቦይ ዳር

አሜሪካ ከምኖርባት ከኮሎምበስ ከተማ የተነሳነው በፈረንጆቹ ሐምሌ 2022፣ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጉዞው የእኔ ሐሳብ ነበር። አባቴ ሊጠይቀኝ ከሰሜን ሸዋ ከመጣ ሦስተኛ ወሩን ይዟል፤ እኔ እዚያው አጠገብ ግሮቭ ሲቲ ባለ መጋዘን ስሠራ እሱ መስኮት ሥር ተቀምጦ ይውላል። "ለጥቅምት አገሬ እገባለሁ" ማለት ሲያበዛ ጭንቅ ያዘኝ። አሜሪካን ሰፋ አድርጌ ባሳየው ልቡ ይረጋ ይሆናል ብዬ የሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ።

ቤንዚን ጋሎኑ አምስት ዶላር ገደማ ገብቷል። ስንቃችን ዳቦ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ነው። ኔብራስካን ሙሉ በቆሎ ስናይ ዋልን፤ ዋዮሚንግ ላይ ዛፉም አለቀ።

ሦስተኛው ቀን፣ አይዳሆ

ምድረ በዳው ላይ የጋሪ መንኮራኩር የቦረቦረው ፈለግ አለ። ድሮ በበሬ ጋሪ ወደ ምዕራብ የፈለሱ ቤተሰቦች መንገድ እንደሆነ አጠገቡ የቆመው ሰሌዳ ይናገራል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው።

"ልጆች ይዘው፣ ያለ ውሃ?" አለ። ከልቡ አዘነላቸው።

ትንሽ እንደነዳን ምድሩ ድንገት ለመለመ። ወዲያ ደረቅ ቁጥቋጦ፣ ወዲህ የድንች ማሳ፣ በመካከላቸው ቦይ።

አባቴ በአገሩ ሠላሳ ዓመት የውሃ አባት ነው፤ ገበሬው መርጦት የመስኖውን ውሃ በተራ ያከፋፍላል። ቦዩ ዳር ቆመን ከመኪናው ቴርሞስ አውጥቼ ዞር ስል ውሃ የሚያሳልፈውን አንዱን የቦይ በር ዘግቶታል።

"ምን አደረግክ አባባ?"

"ውሃው መንገድ ላይ እየፈሰሰ ዝም ብዬ ልየው?"

ብዙም ሳይቆይ አንድ ፒክአፕ መጣና ፀሐይ ያቀላው ሽማግሌ ወረደ። የቦዩ ጠባቂ ነው። "ውሃው እስከ እኩለ ቀን የታችኛው ገበሬ ተራ ነው" አለ ኮስተር ብሎ። ስተረጉምለት አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። እሱ ራሱ ስንቱን የቀጣበት ጥፋት ነው።

"ቅጣቱ ምን እንደሆነ ጠይቂልኝ። የሰው ተራ ነክቻለሁ።"

የአባቴን ሥራ ስነግረው የሰውዬው ፊት ተፈታ። በሩን አብረው ከፈቱት፤ አካፋ እየተቀባበሉም መንገዱ ላይ የሚያፈሰውን የቦዩን ዳር በጭቃ ደፈኑት። አባቴ አሜሪካ ከገባ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሲሰነባበቱ፣ "አንተ እዚህ ስትቆም ሌላውን በር ማን ያይልሃል በይው" አለኝ አባቴ።

"ማንም" አለ ሰውዬው፤ "ለዚህ ነው የምቸኩለው።"

መመለሻ

ተመልሰን ዋዮሚንግ ስንገባ አባቴ ጫማው ላይ የደረቀውን ጭቃ ያይ ነበር። ከዚያ፣ "ውሃውን ለወንድሜ ልጅ አደራ ሰጥቼ ነው የመጣሁት" አለ። "ልጅ ነው፤ ዝናቡ አልቆ ሰው በውሃ መጣላት ሲጀምር አይችለውም።"

ቦርሳዬ ውስጥ ሳልነግረው በስሙ የሞላሁት የቪዛ ማራዘሚያ ቅጽ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት እንደገባን አውጥቼ አሳየሁት።

"ላንተ ብዬ ነው ስል ነበር። እውነቱ ግን ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው።"

"አውቃለሁ" አለና እጄን ያዘ።

ሦስት ወር ሙሉ እንግዳ አድርጌ ስንከባከበው፣ አገሩ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ረስቼ ኖሯል። በማግስቱ የጥቅምት ቲኬት ቆረጥኩለት። የጫማውን ጭቃ ልጠርግለት ስል ግን ከለከለኝ።

"ተዪው፣ የወንድሜ ልጅ ይየው። እኔም የሰው ተራ የነካሁበት ነው።"