የአያ ሞላ ክር

አያ ሞላ የእድራችን ገናዥ ናቸው። ሰው ሲሞት ከቄሱ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሬሳ ሳይደርቅ ዓይኑን መክደን፣ አገጩን ማሰር፣ ሁለቱን አውራ ጣቶች በክር አጋጥሞ መቋጠር አለባቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኪሳቸው ክር ጠፍቶ አያውቅም። ሰርግ ሲጠሩ እንኳ ይዘውት ስለሚመጡ ሙሽሮች አይወዷቸውም። እሳቸው ግን በፍጥነታቸው ይኮሩ ነበር። «በደብረ ታቦር እንደኔ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ የሚደርስ ማን አለ?» ሲሉ እንስቅ ነበር።

ባለፈው ሰኔ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ይሻው ስብሰባ ከፍተው ሲናገሩ ዘጭ ብለው ወደቁ። ክብሪት ጭረን አፍንጫቸው ሥር ያዝን፤ ጠበል ረጨንባቸው፤ ንቅንቅ የለም። ከቆይታ በኋላ ብቻ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ አወጡ።

«ጣር ነው! ነፍስ እየወጣች ነው፣ እንዳትነኳቸው!» አሉ ሽማግሌዎቹ። በእኛ አገር በጣር ላይ ያለ ሰው አይነካም። ቆመን አቡነ ዘበሰማያት ጀመርን። አያ ሞላ ክራቸውን አወጡ።

ይኼኔ ሠናይት ሰዉን ገፍታ ገባች። የአያ ሞላ ሟች ወንድም፣ የጌጡ ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ትሠራለች። የአቶ ይሻውን አንገት ዳሰሰች።

«ልባቸው ቆሟል! ይኼ መተንፈስ አይደለም!»

ተንበርክካ የደረታቸውን መካከል በሁለት መዳፏ ትጫን ጀመር። የጎድን አጥንት ሲንቋቋ በጆሮዬ ሰማሁ። «ሬሳ ትሰብራለች እንዴ?» ብሎ የጮኸም ነበር።

«አያ ሞላ፣ ደከመኝ፤ ይተኩኝ! በኃይል፣ ቶሎ ቶሎ፣ እንዳያቆሙ!»

አያ ሞላ ክሩን በጣታቸው መሃል እንደያዙ ተጫኑ። ሲደክማቸው እሷ፣ ሲደክማት እሳቸው። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ አቶ ይሻውን ሳል ያዛቸው፤ ዓይናቸውም ተገለጠ። ግማሹ ሰው «ሬሳ ተነሣ!» ብሎ ሮጦ ወጣ። አልዋሽም፣ እኔም ከሮጡት ነኝ፤ ኋላ ነው የተመለስሁት።

አምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ሲወስዳቸው ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ሞላ ግን መሬት ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ። ሠናይትን ጠሯት።

«ልጄ፣ እንደዚያ ያንኮራፋ ሰው ይመለሳል ማለት ነው?»

«ሁሉም አይመለስም፣ አያ። ወዲያው ከተጀመረ ግን የሚመለስ አለ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ጌጡ ከአራት ዓመት በፊት አውድማ ላይ ሲወድቅ ሠናይት ጎንደር ትምህርት ላይ ነበረች፤ የደረሰችው ለቀብሩ ነው።

«አባትሽም ሁለት ጊዜ እንዲሁ አንኮራፍቶ ነበር» አሏት። «አትንኩት ያልሁ እኔ ነኝ። ጣቱን ሳስረው እጁ ይሞቅ ነበር።»

እኔም ደነገጥሁ። ያን ዕለት አውድማው ላይ ነበርሁ፤ ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ከደገሙት አንዱ ነኝ።