አማቴ የቀመሱት ውኃ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ጌታ በቤቴና በሰፈራችን ምንጭ ያደረገውን ልናገር ነው። መናገር አላውቅበትም፤ ባለቤቴ ግን ዝም ማለትም አታውቂበትም ይለኛል። እንግዲህ ታገሡኝ።

አገሬ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡ ነው። የምንጠጣውን የምንጭ ውኃ ከብቱም ይጠጣዋል። ልጄ ትርንጎ አንድ ሳምንት ደህና ከሆነች ሌላውን ሆዷን ያማታል። ጸበል ወሰድኳት፣ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። መድኃኒቱ ሲያሽላት ተመልሳ ያንኑ ውኃ ትጠጣለች። በመጨረሻ ቀና ማለት ሲያቅታት ነርሷ፣ «ልጅሽን የጎዳት የምታጠጫት ውኃ ነው» አለችኝ። ሌላ ውኃ ከየት ላምጣ? እያለቀስኩ ወጣሁ።

እዚያው ደጅ ላይ አንዲት እህት አገኘችኝ። ውኃ አፍልቼ እንዳጠጣት፣ ጨውና ስኳር እንዴት እንደሚበጠበጥ አሳየችኝ፤ ቤቴ ድረስ እየመጣችም አብራኝ አስታመመች። ስለ ኢየሱስ የነገረችኝ ቆይታ ነው፣ ያውም እኔው ጠይቄያት። ለምን እንዲህ ትደክሚልኛለሽ ብላት፣ «እሱ ደክሞልኛል» አለችኝ። እኔም ልቤን ለእሱ ሰጠሁ። ትርንጎም ዳነች። ስሙ ይባረክ፣ ወገኖቼ!

ከዚያ በኋላ ግን ቤታችን ሰላም አጣ። አማቴ እማማ ስንዱ ጾም የማያልፋቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ የማይውሉ ሰው ናቸው። የአባቶቿን ሃይማኖት ካደች ብለው ሰላምታ ነሡኝ፤ ከእጄም ውኃ አልቀበልም አሉ። እናቴ ማለት ነበሩና በጣም ከፋኝ።

የደቀ መዝሙርነት ትምህርት የምንማር ጥቂት አማኞች ነበርን። አስተማሪያችን ቃሉን ካስተማሩን በኋላ ዶማ ያስይዙናል። ቀበሌውን አስፈቅደን ያንን ምንጭ አጎለበትን። ድንጋይ ተሸክመን ገነባን፣ ቧንቧ አወጣንለት፣ ለከብቱም ገንዳ ለብቻው ሠራን። ውኃው ጥርት ብሎ ወረደ። ጌታ ይመስገን! ታዲያ ማን ይቅዳው? «የጴንጤ ውኃ» ተባለና ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን አዝሎ በአጠገቡ እያለፈ ወንዝ ወረደ።

የጎረቤቴ የእታለም ሕፃን ልክ እንደ ትርንጎ ሲከሳ እያየሁ ንዴት አቃጠለኝ። ቧንቧው ጋ ቆሜ ልስበካቸው አልኩ። አስተማሪያችን ግን ምንጩ የሁሉም ነው፣ ለመጠጣት ስብከት መስማት የለባቸውም ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ እየጸለይን አካባቢውን መጥረግ ብቻ ያዝን።

አንድ ጠዋት እታለም ልጇን አዝላ ከሴቶቹ ጋር ወደ ወንዝ ስትወርድ እማማ ስንዱ ቧንቧው አጠገብ ቆመው ጠሯት። ሁሉም ቆሙ። እማማ ቧንቧውን ከፍተው በጣሳ ቀዱ። መቼም በእኛ አገር ጠላ የሚያቀርብ ሰው ክፉ ነገር እንደሌለበት ለማሳየት አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። እማማም አማተቡና ውኃውን በመዳፋቸው ጠብ አድርገው በሁሉም ፊት ቀመሱ። ጣሳውን ለእታለም ዘረጉላት።

«የልጅ ልጄ ከዚህ መጠጣት ከጀመረች ወዲህ ሆዷን አሟት አያውቅም። እኔ ቀምሻለሁ፤ ጠጪ፣ ልጅሽንም አጠጪ» አሏት።

እታለም ጠጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጀሪካናቸውን አውርደው ተራ ያዙ። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ አለቅስ ነበር።

በዚያው ቀን ውኃ ይዤ ስገባ እማማ እጃቸውን ዘረጉ። በመዳፌ ቀመስኩና ሰጠኋቸው። ጠጡ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ተቀመጪ እንጂ» አሉኝ። ሃሌ ሉያ!

እማማ ዛሬም በእምነታቸው ናቸው፤ ሲጾሙ የጾም ወጣቸውን የምሠራላቸው እኔ ነኝ። የእታለም ልጅም ድኖ ዶሮዎቼን ያባርራል። እኔ የምሰብከውን ሳዘጋጅ ጌታ በአማቴ መዳፍ ሠራ።

ወገኖቼ፣ በበሽታ ወይም በቤታችሁ ጥል የደከማችሁ ካላችሁ ጌታን እመኑት። የማላውቀውን አላቀርብላችሁም። እንደ አገሬ ወግ አስቀድሜ ቀምሻለሁ፤ ጠጡ።