ወንድሜን ለመርፌ ከአንኮበር ሳመጣ

ሐሙስ ጠዋት ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት እህል ሊጭን አንኮበር አጠገብ ወዳለችው ጎረቤላ በሚሄድ የጭነት መኪና ነው። ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ግርማን ላመጣው ነበር። ከጦሩ በሕመም ተሰናብቶ አንኮበር እናታችን ዘንድ ከገባ ወር አልፎታል። ለሳንባው በየቀኑ መርፌ መወጋት ነበረበት። የአንኮበር ክሊኒክ ሠራተኛ ግን የሆስፒታል ወረቀቱን አንብቦ «ኤድስ ያለበትን አልወጋም» ብሎ መልሶታል። ያን ጊዜ ስለ በሽታው የምናውቀው እንደሚገድል ብቻ ነበር።

መንገዱ ጠጠር ነው። የገብሱን ማሳ አልፈን ወደ አንኮበር ስንቃረብ ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ነበር፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ አዘገመ።

ጋሼ ግርማን ጓሮ፣ ጎተራው ሥር ለብቻው ተኝቶ አገኘሁት። ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል።

«እታለም፣ አትጠጊኝ» አለኝ።

አልተጠጋሁም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

«ከምንጩ እንዳልቀዳ ጎረቤት ከለከለኝ» አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዓርብ ማለዳ ሌላ መኪና ላይ ከገበያተኞች ጋር ተጫንን። ኬላው ጋ ሚሊሻው የይለፍ ወረቀት ጠየቀ።

«እሱ ምኑን ነው የሚያመው?»

የሆስፒታሉን ወረቀት ሰጠሁት። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጮክ ብሎ ቢያነበው እዚያው ገደል አፋፍ ላይ እንደሚያወርዱን አልተጠራጠርኩም። ሚሊሻው በዝግታ አነበበ፤ ወንድሜን አየው፤ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

«ሳንባውን ነው» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «ዳር አስቀምጡት፣ ነፋስ ያግኝ።»

ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ በቀጥታ ወደ ሕክምና ወሰድኩት። ሲስተሯ ወረቀቱን አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አሁን ትመልሰናለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ለአንዱ በሽታህ መድኃኒት የለንም» አለችው። «ለሳንባህ ግን አለ። በየቀኑ ና።»

ጓንት ላይ ጓንት ደርባ መድኃኒቱን ቀዳች።

ማታ ቤቴ በራፍ ላይ ቆሞ «የት ልተኛ?» አለኝ። ክንዱን ይዤ አስገባሁትና አልጋዬን ለቀቅሁለት። መርፌውን ሳያቋርጥ ተወጋ፤ ሳሉ ጋብ አለለት፤ ክረምቱን ግን አላለፈም።

በዚያ ሰሞን ያልፈራ ሰው አላየሁም። የክሊኒኩ ሠራተኛ ፈርቶ መለሰው፤ እኔ ፈርቼ ራቅሁት። ሲስተሯ እየፈራች ወጋችው።